የያዘውን ልጥፍ የነቀለ ሰው

አያ ዳኘው ማረፉን የነገረኝ ወንድሜ ማስረሻ ነው። ገዳሪፍ ገበያው ዳር ራክሻዬን፣ አገር ቤት ባጃጅ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ አቁሜ ሰው እጠብቅ ነበር። ማስረሻ ከሥራው ቀጥ ብሎ መጣና "ከሸዋክ ደወሉልኝ፤ አያ ዳኘው ሌሊት አርፏል" አለኝ። ሰው እንዲህ ሲባል ነፍስ ይማር ይላል። እኔ ግን "አላልኩትም ነበር?" አልኩ። ወንድሜ ደንግጦ አየኝ።

ምን ላድርግ፣ ብየው ነበራ። ደረቱ ነው የገደለው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የተሰበረ ጀልባ ሲፍቅ የኖረ ነው፤ ከፋይበሩ የሚወጣው ያ የመስታወት ብናኝ ሳንባ እንደሚበላ ከማንም በላይ ያውቃል። እኛን አፍና አፍንጫችንን በሻሽ ሳንጠመጥም አጠገቡ አያስደርሰንም ነበር። እሱስ? እሱ አፉን ገልጦ ነው የሚሠራ። "አያ ዳኘው፣ አንተስ?" ስንለው "እኔ ካላሸተትኩት ልጥፉ መድረቅ መጀመሩን በምን አውቃለሁ?" ይላል። ከዚያ ይስላል። ስሎ ስሎ ሲያበቃ "ሻሽህ ላልቷል፣ አጥብቀው" ይለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ማዘን ብቻ አይበቃም፣ ያናድዳል።

ላላወቀው ላስተዋውቀው። ዳኘው የጎርጎራ ሰው ነው፣ የጣና ዳር። በደርግ ጊዜ ተሰዶ ሱዳን ገባ፤ ፖርት ሱዳን ወርዶ ከጀልባ ሠሪዎች ጋር ብዙ ዘመን ኖረ፤ ኋላ ከሸዋክ በላይ ያለው ግድብ ውሃ ሲይዝና ጀልባው ሲበዛ ወደዚህ መጣ። ውሃው ዳር ራኩባ፣ የሣር ዳስ ማለት ነው፣ ሠርቶ የተቀደደ የፋይበር ጀልባ ይጠግናል። እኔ ደግሞ ከአርማጭሆ ወርጄ ቁረይሻ ላይ ሰሊጥ ሳርም ወገቤ አልሆን ሲለኝ፣ ሹጉል፣ ሥራ ማለት ነው፣ ፍለጋ ሸዋክ ደረስኩና እሱ እጅ ወደቅኩ። እንግዲህ ጣና ዳር ተወልዶ፣ ቀይ ባሕር ዳር ጎልምሶ፣ ግድብ ዳር የሚያረጅ ሰው ዋና አይችልም ብል ታምኑኛላችሁ? አይችልም። ሲጠየቅም አያፍርም። "እኔ የምሠራው ሰው እንዳይዋኝ ነው" ይላል።

ሥራው ራሱ የሚያስቸግር አይደለም። ውሃው የዋጠው የግራር ግንድ የጀልባውን ሆድ ይቀደዋል። የተቀደደውን ዙሪያውን ትፍቃለህ። ከመስታወት ክር የተሠራ ነጭ ሻካራ ጨርቅ አለ፣ እሱን ትቆርጣለህ። ሬዚን የሚሉትን ማር የመሰለ ፈሳሽ ከማድረቂያው ጋር ትበጠብጥና ጨርቁን እያራስክ ትለጥፋለህ፤ በላዩ ሌላ፣ በላዩ ደግሞ ሌላ። ሲደርቅ ከጀልባው ጋር አንድ ይሆናል። አለቀ። ሌላው ሰው ከጠዋት እስከ ምሳ የሚጨርሰውን አያ ዳኘው ቀናት ይፈጅበታል።

መጀመሪያ ያንኳኳል። በካቻቢቴ እጀታ ጀልባውን ከአፍንጫው እስከ ጭራው፣ ስንዝር በስንዝር፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያንኳኳል። በዚያ ሰዓት ማንም ትንፍሽ አይልም። አንድ ጊዜ ብርጭቆ አስቀምጬ ቃ ሲል "ሻይህን ይዘህ ውጣ" ብሎኛል። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተላቀቀው ግን የደነቆረ ድምፅ ነው ያለው። ባለቤቱ "የመታኝ እዚህ ጋ ብቻ ነው" እያለ ሲምል አያ ዳኘው ሌላ ቦታ ያንኳኳና "ጀልባ አይዋሽም፣ የሚዋሽ ባለቤቱ ነው" ይላል። ይህን የሚለው ባለቤቱ ፊት ነው። ደንበኛ ማባረር እንዲህ ነው እንጂ።

ቀጥሎ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ሐጅ ኢድሪስ የሚባሉ ትልቅ ባለሞተር ጀልባ ያላቸው ሰው ነበሩ፤ ከወዲያ ማዶ ላሉት እርሻዎች ሰውም ሰሊጥም የሚያመላልሱ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ምሳ በልተው ሲመለሱ ጀልባቸውን አይተው ጥምጥማቸውን አውልቀው መሬት ወረወሩት። "ያ ዳኘው፣ ጡጫ የሚያህል ቀዳዳ አመጣሁልህ፣ አንተ በር አደረግኸው" አሉ። እሱ ቀና እንኳ ሳይል "ሐጅ፣ ቁስል ሳይሰፋ አይጠራም" አላቸው። "ቡክራ ይደርሳል?" "ነገማ አይደርስም።" "ታዲያ መቼ?" "እናያለን።" እኔ ነኝ ጥምጥማቸውን አራግፌ ያነሳሁላቸው። ይቅርታ የምጠይቅ እኔ፣ ውሃ የማቀርብ እኔ፣ እሱ ያንኳኳል።

የባሰው ግን የዘይቱ ነገር ነው። ሬዚን ዘይት የነካው ላይ አይዝም። ይህን ማንም የሙያው ሰው ያውቃል። ገዳሪፍ ግን የሰሊጥ አገር ነው፤ ሰዉ የሚበላው በሰሊጥ ዘይት፣ ጠጉሩን የሚቀባው በሰሊጥ ዘይት። አራሚውም እጁ ሲሰነጠቅ የሚቀባው እሱኑ ነው። ስለዚህ ከእርሻ ወደኛ የሚመጣ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ዓይነት ስሕተት ይሠራል፤ የመስታወቱ ክር እንዳይወጋውና እንዳያሳክከው ብሎ እጁን በሲምሲም ዘይት አሽቶ ይመጣል። እኔም በመጀመሪያው ቀን አደረግኩት፣ ብልህ መስሎኝ። አያ ዳኘው የእጄን ማብረቅረቅ ከሩቅ አይቶ በልብስ ሳሙናና በአመድ ቆዳዬ እስኪነጣ አሳጠበኝ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እንደ ቀዳሽ እጃችንን ታጥበን ነው የምንገባ። ፉል እንኳ ራኩባው ሥር መብላት ክልክል ነው፣ ዘይት አለበታ፤ ወጥተን ፀሐይ ላይ ቆመን ነው የምንበላ። እሱ ጥላው ሥር ተቀምጦ ደረቅ ዳቦ ይቆረጥማል። ሰውየው የተጣላው ከኛ ጋር ሳይሆን ካገሩ ጋር ነው እል ነበር።

ለሁሉም ነገር መልሱ አንድ ነው፤ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።" ይህን ተረት ከአባታችን ሆይ የበለጠ ሰምቼዋለሁ። ባለቤቱን እትዬ ብርቄን "እንዴት ቻልሽው?" ብላት ሳቀችና "ልጄ፣ እኔን ሲያገባኝም ሳያንኳኳ ያገባኝ ይመስልሃል?" አለችኝ። እሷ ባትኖር እኔ ሸዋክ ላይ አንድ ወር አልከርምም ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ካርቱም በጦርነቱ ከተበላሸች በኋላ በመጣ ክረምት ነው። ሬዚን እንደ መድኃኒት ጠፍቶ ነበር፤ ከፖርት ሱዳን የሚመጣ ሰው ሲገኝ ነው አንድ ጣሳ የምናገኝ። ማስረሻ፣ ታናሼ፣ ማዶ እርሻ ገብቶ አረም ላይ ነበር። አንድ ከሰዓት ጓደኛው ደወለልኝ። ትኩሳቱ ሳምንታት ሆኖት ኖሯል፣ ደብቆኝ ነው። ሆዱ በግራ በኩል ተነፍቷል፣ ሰውነቱ አልቋል፣ አሁን ደግሞ አፍንጫው እየደማ አልቆም አለ። የኛ ቆላ ሰው ይህን ሲሰማ ስሙን ለመስማት ሐኪም አይጠብቅም። ካላዛር ነው። መርፌውን ቶሎ ያገኘ ይድናል፣ የዘገየ ይቀበራል፤ ይኸው ነው።

በመኪና እንዳላመጣው በዚያ በኩል መንገድ የለም። በክረምት ያ ጥቁር መሬት ትራክተር ይውጣል። ያለው መንገድ ውሃው ብቻ ነው፤ የዓሣ አጥማጆቹ ትንንሽ ጀልባዎች ደግሞ በዚያ ማዕበል፣ በዚያ ሁሉ ግንድ መሐል የተኛ ሰው አይጭኑም። የሚጭን የሐጅ ኢድሪስ ጀልባ ነው። የሐጅ ኢድሪስ ጀልባ ደግሞ ሆዱ ተቀዶ እኛው ራኩባ ሥር ተደፍቷል።

ለአያ ዳኘው ነገርኩት። "እሺ" አለኝ። እሺ ብሎ ሌላ ነገር ሳይጨምር ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሥራ ላይ ነበር። ማንኳኳቱን አሳጠረው፣ ሲፍቅ አልተከራከረም፣ ጨርቁን ሲያለብስ እጁ ይሮጥ ነበር። እኔ ከአጠገቡ ቆሜ "አያ ዳኘው፣ ቶሎ፣ አያ ዳኘው፣ ቶሎ" እላለሁ። የዚያ አገር ፀሐይ ሬዚን ቶሎ ነው የሚያደርቅ፤ ቀትር ላይ ልጥፉ ድንጋይ ሆነ። በጡጫዬ መታሁት፣ ጡጫዬን አመመኝ። ሐጅ ኢድሪስ ለሞተሩ ቤንዚን ሞልተው መጡ። ጀልባውን ልንገለብጥ ጠርዙን ስንይዝ አያ ዳኘው ካቻቢቴውን አነሳ።

"ቆዩ" አለ። አንኳኳ። መልሶ እዚያው አንኳኳ። "ና፣ ስማ" አለኝ። ሰማሁ፤ ለኔ ያው ነው። "ደህና ነው" አልኩት። "ጥጉ ደንቁሯል" አለ። ቢላ አምጥቶ ጫፉን ጥጉ ላይ ቢያስገባው አንዲት ጣት የምታህል ቦታ ከፈት አለች። ጎንበስ ብሎ አሸተታት። ቀጥሎ የገዛ መዳፉን አሸተተ።

"ዘይት ነው" አለ።

"የማን ዘይት?" አልኩ።

"የኔ። ማታ እጄ ተሰነጣጥቆ ደምቶ ስለነበር ብርቄ አሙቃ ቀባችኝ። ጠዋት ታጥቤያለሁ፣ ግን ስለቸኮልኩ አንዴ ብቻ ነው።"

ይህን የሚናገረው ሰዓት እንደ ጠየቁት ሰው ነው። እኛን ስንት ዓመት በሳሙና የገፈፈን ሰውዬ። ልሳቅ ወይ ላልቅስ አላወቅኩም። "እሺ፣ ጥጉን ብቻ ቁረጠውና ጥጉን ለጥፈው" አልኩት። "እጄ የነካ ጥጉን ብቻ አይደለም" አለኝ። ጉጠት አምጥቼ የቀረውን ልጥፍ በሙሉ ጉልበቴ ሳብኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ሐጅም ሳቡት። "ወላሂ ይዟል፣ ያ ዳኘው፤ ልጁ ይሙት ነው የምትል?" አሉት።

"አብዛኛው ይዟል" አለ። "ጀልባ ግን አብዛኛው አይሰጥምም ሐጅ፤ ሲሰጥም ሁሉም ነው።"

መሞረጃውን አነሳ። ክንዱን ያዝኩት። እዚህ ጋ ያልኩትን ሁሉ አልደግመውም፤ እናቴን የሚያሳፍር ነገር ብያለሁ። አንዱ ግን ይህ ነበር፤ "ወንድሜ ዛሬ ሌሊት ቢሞት ደሙ ባንተ ላይ ነው፤ እስክሞት አልምርህም።" አየኝ። "ሰምቻለሁ" አለኝ። "አሁን ክንዴን ልቀቅ፣ ፀሐይዋ እየሄደች ነው።" ለቀቅኩት። አምኜው አይደለም። ብመታው ማን መልሶ ይለጥፈዋል ብዬ ነው።

ፋቀው። እስኪመሽ ነው የፋቀው፣ ምክንያቱም የያዘው ቦታ እንደ ጥርስ ነበር የያዘው። ያሉንን ሁለት መፋቂያ ድንጋዮች ጨረሰ። የማይነቀል ቦታ ባገኘ ቁጥር "ይኸው፣ ይህ አልያዘም?" እለዋለሁ። "ይዟል" ይለኛል፣ ይፍቃል። "ይህስ?" "እሱም ይዟል።" ይፍቃል። ብናኙ ፊቱን ነጭ አድርጎት፣ አፉ ክፍት ነው፣ ይስላል። እኔ ውሃ እንኳ አላቀበልኩትም። የቀረን ሬዚን ግማሽ ጣሳ ብቻ ነው፤ ለአንድ ጊዜ ይበቃል፣ ለሦስተኛ የሚሆን የለም። "እንግዲህ አሁኑኑ ለጥፍ" ስለው ሰማዩን አይቶ "ዝናብ አዝሏል፤ እርጥበት ከገባበት ያው ነው። ጠዋት" አለ። በላስቲክ ሸፈነውና ሄደ።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ እኔና ፈጣሪዬ እናውቃለን።

ጠዋት እትዬ ብርቄ እያለቀሰች መጣች። ሰምታ ኖሯል። "እኔ ነኝ ያጠፋሁ፤ እጁ ቢያሳዝነኝ ነው" ትለኛለች። እሱ ከሩቅ ሰማና "ብርቄ፣ አንቺ የቀባሽው ልክ ነው፤ ያልታጠብኩት እኔ ነኝ። ወደ ቤትሽ ግቢ" አላት። ከዚያ መታጠብ ጀመረ። ታጠበ፣ አደረቀ፣ እንደገና ታጠበ። የተሰነጠቀው እጁ ሳሙናው ሲገባበት ይደማል፤ ደሙ እስኪቆም ደግሞ በጨርቅ አፍኖ ይጠብቃል። እጁን አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ "አሽትት" ይለኛል። "ሳሙና ነው" እለዋለሁ። "ደህና አድርገህ አሽትት።" እኔ ማዶ ማዶውን እያየሁ የሽማግሌ እጅ አሸትታለሁ። ጨርቁን ሲያለብስ በየንብርብሩ አየር እንዳይቀር በብሩሽ ይጫናል፣ ይጠብቃል፣ ይጫናል። ከትናንቱ እጥፍ ጊዜ ወሰደበት። ሲደርቅ አንኳኳ። ዙሪያውን ሁሉ አንኳኳ። በመጨረሻ ራሱን ነቀነቀና "ወደ ውሃው" አለ።

ጀልባዋ ውሃ ላይ ስታርፍ እሱም ዘሎ ገባ። "ወዴት ነው?" አልኩት። "እሄዳለሁ" አለ። ሐጅ ኢድሪስ ሞተሩን እንደያዙ "ያ ዙል፣ አንተ ሰውዬ፣ ዋና አትችል፣ ሕመምተኛው መተኛት አለበት፣ ቦታ ነው የምታጣብብ" አሉት። ልጥፉ ላይ ሄዶ እንደታቀፈች ዶሮ ተቀመጠ። የሰው ትዕግሥት ልክ አለው፤ የኔ እዚያ ጋ አለቀ። ከዚያ በኋላ እስክንሻገር አላናገርኩትም። ነፋስ ነበር፣ ማዕበሉ ይመታን ነበር፣ ግንዶቹ ከውሃው ሥር ጥቁር ጥቁር ይላሉ። አያ ዳኘው ሁለት እጁን ጠርዙ ላይ ጨብጦ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቁልቁል አየሁ፤ ከተቀመጠበት ሥር አንድ ጠብታ አልገባም።

ማስረሻን አንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ተሸክመው ዳር አውጥተውት ነበር። ኩንታል ይሸከም የነበረ ልጅ፣ እኔ ብቻዬን አቀፍኩት። ዓይኑ ገብቷል፣ ሆዱ ብቻ ነው የቀረው፣ አፍንጫው በጨርቅ ተወትፏል። የጀልባው ወለል ላይ ስናስተኛው አያ ዳኘው ፈቀቅ ብሎ የልጁን ራስ ጭኑ ላይ አደረገው። መሐል ውሃ ላይ ማስረሻ ዓይኑን ገልጦ "ውሃው ከሥሬ ይሰማኛል" አለ። ፈርቷል።

"ይሰማህ" አለው አያ ዳኘው። "ውጭ ነው ያለ።"

ሌላ ምንም አልሆነም። እንዲህ ያለ ታሪክ ስትሰሙ ግንድ ይመታናል፣ ልጥፉ ይፈተናል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልመታንም። ሄድን፣ መጣን። ሐጅ ባዘጋጁት መኪና ማስረሻን ገዳሪፍ ሆስፒታል አደረስኩት፤ መርፌው ተጀመረለት፣ ደሙ ቆመ፣ ትኩሳቱ እየቆየ ወረደ፣ ልጁ ዳነ። ዛሬ እኔን የሚያስከነዳ ሰው ሆኗል።

ከሆስፒታል ሲወጣ እኔ ሸዋክ ተመለስኩ፣ ለመጣላት። ልጁ እስኪድን ነበር የጠበቅኩ። አያ ዳኘው አንድ ጀልባ ሥር ተንበርክኮ ነበር። "አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትዋሸኝ" አልኩት። "ያ የመጀመሪያው ልጥፍ ያደርሰን ነበር ወይስ አያደርሰንም?"

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። "ያደርሳችሁ ነበር ይሆናል" አለ።

"ይሆናል?"

"ሲፋቅ አየሁት እኮ፤ ብዙው ይዞ ነበር። ይሆናል።"

"ታዲያ ያን ሌሊት ለምን አስጠበቅከኝ? ቢሞትስ?"

"ቢሞት በበሽታው ይሞታል። በኔ እጅ አይሞትም።"

ይህን ብሎ ወደ ማንኳኳቱ ተመለሰ። አያችሁት? ወንድሜ ደም እየፈሰሰው ማዶ ተኝቶ እሱ የሚጨነቅ ለእጁ ነው። ለገዛ ንጽሕናው። ያን ክረምት ጨርሼ ጥዬው ወደ ገዳሪፍ መጣሁ። ደውሎልኝ አያውቅም፤ እኔም በዓል ሲሆን ብቻ ነበር የምደውል፣ ያውም ለእትዬ ብርቄ። ያን ቃሉን ለማን አልነገርኩም? ራክሻዬ ላይ ለተሳፈረ ሁሉ ነው የነገርኩ። ለማስረሻ ብቻ አልነገርኩትም። እሱ አያ ዳኘውን ስለሚወደው ባይሰማ ይሻላል ብዬ።

ለቅሶው ሸዋክ ነው፤ ከማስረሻ ጋር አብረን ሄድን። ቀብሩ አልቆ ሰዉ ሰሌን ላይ ተቀምጧል። ሐጅ ኢድሪስ መጥተው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እንደ ደንባቸው ፋትሐ አሉ፤ የኛም ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏቸው። እትዬ ብርቄ ጥቁሯን ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ "መጣችሁልኝ" ስትለን ማስረሻ እግሯ ሥር ወድቆ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ዓይኔ ደረቅ ነው፣ ውስጤ እንደነደደ ነው። ሰዉ ደግሞ ተራ በተራ ያመሰግነዋል፤ እንዲህ ያለ ባለሙያ፣ እንዲህ ያለ እግዜርን የሚፈራ።

ተመልሰን ስንቀመጥ ለማስረሻ በጆሮው ነገርኩት። ጥያቄዬን፣ "ይሆናል" ማለቱን፣ "በኔ እጅ አይሞትም" ማለቱን፣ ሁሉንም። "ላንተ ተጨንቆ መሰለህ? ለራሱ ነው" አልኩት። የሚከፋው መስሎኝ ነበር። "ያን ሌሊት ሞቼ ቢሆን ማንን ትጠላ ነበር?" አለኝ።

"እሱን ነዋ" አልኩት።

"እስከ መቼ?"

"እስክሞት።"

"እንዲህ እንደምትጠላው ያውቅ ነበር?"

የአያ ዳኘውን ክንድ ይዤ፣ ዓይኑን እያየሁ የነገርኩት እኔው ነኝ። ሰምቻለሁ ብሎኛል።

"ያንን ልጥፍ ቢተወው ማንም ነገሬ አይለውም ነበር" አለ ማስረሻ። "ብንሰጥም የውሃ ነገር ነው ይባላል፤ ሐጅም ይዟል ብለው ምለዋል፣ አንተም ይዟል ብለሃል። ስሙ የሚተርፈው ቢተወው ነበር። የነቀለውን ነቅሎ እኔ ሌሊቱን ብሞት፣ ገዳዩ እሱ ነው የሚባል። ይህ ሰው ለራሱ ነው የተጨነቀ ትለኛለህ?"

ስንት ዓመት ለተሳፋሪ ሁሉ ያወራሁት ነገር ነው፤ አንድ ሰው እንኳ እንዲህ አላለኝም። ከዚያ እንባዬ መጣ፣ ልይዘው አልቻልኩም፤ ሰው ሁሉ እያየኝ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። እትዬ ብርቄ ካለችበት ጥግ ቀና ብላ "ተውት፣ ያልቅስ" ስትል ሰማኋት።